በሰው ፊት

"ምን ነክተህ ነው ሁሉንም የዘጋኸው?" ብላ ጮኸች። ሠራተኞቹ ከየወንበራቸው ቀና አሉ።

"ያልሽኝን ብቻ ነው የዘጋሁት" አለ ታላቅ ወንድሟ። "የሙከራውን ሰርቨር።"

"ታዲያ ክሊኒኮቹ ለምን ጠፉ? ሰይጣን ዘጋቸው? ይሄ እኮ ጠመኔ ይዞ መለፍለፍ አይደለም!"

ስልኮቹ ያለማቋረጥ ይጮኻሉ። የሕሙማን መዝገባቸውን በእሷ ድርጅት ሰርቨሮች ላይ ያስቀመጡ ክሊኒኮች ማንንም ማስተናገድ አልቻሉም። ወንድሟ ባነሳው ስልክ አንዷ ነርስ፣ "የልጃቸውን የደም ውጤት የሚጠብቁ እናት እዚህ እያለቀሱብኝ ነው" አለች። እሱም ስልኩን አስቀመጠ። ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ወጣ።

ከመምህርነቱ ለምና ያስወጣችው ራሷ ነበረች። "ሥራው በዝቶብኛል፤ ከባዕድ ያንተ እጅ ይሻለኛል" ብላ። እሱም በዚያ ዕድሜው ተማሪ ሆኖ፣ መነጽሩን እየወለወለ፣ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ለመደ።

ሰርቨሮቹን በየተራ በእጇ አስነሳች። ከዚያ ትእዛዞቹን ለሰርቨሮቹ ሁሉ የሚያደርሰውን፣ ራሷ የጻፈችውን ኮድ ከፈተች። በኮዱ ውስጥ ሰርቨሮቹ ሁሉ የሚቀረጹት ክላስ ከሚባል ከአንድ ንድፍ ነው፤ የሚዘጉ አገልግሎቶች ዝርዝር ግን ለየራሳቸው ሊኖራቸው ይገባ ነበር። እሷ ዝርዝሩን ክላሱ ላይ አንዴ ጽፋ ለሁሉም የጋራ አድርጋዋለች። ለአንዱ የተጨመረ ለሁሉም ይደርሳል። ወንድሟ የነካው የሙከራውን ብቻ ነበር።

ፊቷ ጋለ። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ደወለችለት።

"ወንድምጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁሉንም የዘጋው የኔ ኮድ ነው።"

"ተከፈቱ?"

"ተከፍተዋል።"

"እኚያ እናትስ?"

"ውጤቱን ወስደው ሄዱ።"

"ተመስገን።"

ከጀርባው የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

"ተመለስ በቃ" አለችው።

"አልመለስም።"

"ተቆጥቼ እኮ ነው! አፌ አመለጠኝ።"

"ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እህቴ። ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር አንድም ልጅ በጓደኞቹ ፊት አሳፍሬ አላውቅም። አንቺስ ክፍሌ ውስጥ አልነበርሽም? ሒሳብ ስትወድቂ ከእኔና ከአንቺ በቀር ማን ሰማ?"

ግድግዳውን ተደገፈች። እውነቱን ነው። አባታቸው እንኳ አልሰሙም ነበር፤ ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጦ እስኪገባት አስጠንቷታል።

"እሺ አትመለስ" አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። "ግን ስልኩን አትዝጋብኝ።"

ወደ ክፍሉ ገባች። ሲያወሩ የነበሩት ሠራተኞች ወደ እሷ ዞሩ። የስልኩን ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

"ቅድም ወንድሜን ስሰድበው ሁላችሁም ሰምታችኋል" አለች። "አሁንም ስሙኝ።"