የ«ጥላ ለባሹ» ሦስተኛ ማሻሻያ

፩

ተዘጋ።

፪

«ጥላ ለባሹ» ከጠባቂዎች ዓይን እየተሰወሩ ቤተ መንግሥት የሚዘርፉበት ጌም ነው። ከኮምፒውተር በእጅ ወደሚያዘው ትንሽ መጫወቻ ያሻገረችው ምንትዋብ ናት፤ አሥራ አንድ ወር ለፍታበታለች። በወጣ በማግስቱ ግን ተጫዋቹ ግንብ በዘለለ ቁጥር ስክሪኑ ድርግም እያለ ይዘጋ ጀመር። የስድብ ናዳ ወረደ።

፫

የድርጅቱ ባለቤት እንግዳወርቅ በቀጥታ ስርጭት ወጥቶ እንዲህ አለ፦

«የአንዲት ሠራተኛችን ቸልተኝነት ነው። አሰናብተናታል።»

ስሟን አልጠራም። መጥራት ምን ያስፈልገዋል? በቢሮው ያለችው ሴት እሷ ብቻ ነበረች።

፬

እንግዳወርቅ ያልተናገረው፦

ሀ. የመጫወቻው ሚሞሪ እየሞላ ጌሙ እንደሚዘጋ ምንትዋብ ቀድማ አስታውቃዋለች።

ለ. በጽሑፍ።

ሐ. ሦስት ጊዜ።

መ. «ዝም ብለሽ ልቀቂው፤ ማንም አይነቃም» ብሎ መልሶላታል።

፭

አንባቢዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ይቅር ትለዋለች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ሌላ ታሪክ ፈልጉ።

፮

የስልክ ንግግር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

እሱ፦ ምንትዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

እሷ፦ ምንትዋብ ነኝ።

እሱ፦ የቢሮው ልጆች ሁለት ማሻሻያ አውጥተው ሞክረው አቃታቸው። ጌሙን ለገበያ የሚያቀርብልን አሳታሚ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል። በናትሽ!

እሷ፦ እሠራዋለሁ። ከማሻሻያው ጋር የሚወጣውን መግለጫ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዲት ቃል አይነኩብኝም።

እሱ፦ መግለጫ ደግሞ ማን ያነባል? የፈለግሽውን ጻፊ።

፯

አራት ቀን ፈጀባት። ሌላ ብልሽት ቀብራበት እንድትወጣ እጇን በላት። ተወችው። ሥራዋ ምን በደላት? ግንቡን ሁለት መቶ ጊዜ ዘለለች፤ አንድም ጊዜ አልተዘጋም። ያኔ ጥርሷን ነክሳ መጻፍ ጀመረች።

፰

መግለጫ

— ግንብ ሲዘለል ጌሙ የሚዘጋበት ችግር ተወግዷል።

— ችግሩን አስቀድማ ያሳወቀችውም፣ አሁን ያስተካከለችውም፦ ምንትዋብ አየለኝ።

— እያወቀ እንዲወጣ ያዘዘው፦ እንግዳወርቅ ተሰማ። ሦስቱ ደብዳቤዎችና መልሱ ከታች ተያይዘዋል።

፱

አነበቡት። ተጫዋቾቹም፣ አሳታሚውም።

፲

እሱ፦ አዋረድሽኝ! አሁኑኑ አንሺው!

እሷ፦ እርስዎ በስርጭት ያሉብኝን ማን አነሣልኝ?



እሱ፦ ምንትዋብ... በሰው ፊት ይቅርታ ብጠይቅሽስ? ያኔ ታነሺዋለሽ?

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች። መልሷ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፤ አልጽፈውም። እናንተ ብትሆኑስ?

እሷ፦