ሲፒዩ በባጃጅ

ዘጠና አራት በመቶ ላይ ሲደርስ መብራቱ እልም አለ።

"ወይ ጉድ!" አለች ዙሀይራ እጇን ከማውሱ ሳታነሳ። ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒዩተሩ የተቆራረጠውን አገጣጥሞ ሬንደር እስኪያደርገው ስትጠብቀው የነበረው የሠርግ ቪዲዮ ከነሙሽራው ከነሚዜው ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ይህን አሮጌ ኮምፒዩተር ብዙ ቀን ረግማዋለች፤ ዛሬ ግን ለመርገምም አሳዘናት።

ለሚ ከጎን ካለው የጥገና ሱቁ ብቅ አለ። ሮቤ ውስጥ የታመመ ኮምፒዩተር ሁሉ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው፤ ምክር ሲሰጥም እንደ ሐኪም ፊቱን ኮስተር ያደርጋል።

"አላልኩሽም? ዴስክቶፕ ግዢ! ይሄ ሦስት ሰዓት የሚፈጅበትን አዲሱ በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። መብራቱ ሊጠፋ ሲያስብ አንቺ ቤትሽ ገብተሻል።"

"ላፕቶፑስ? ባትሪ አለው እኮ።"

"ላፕቶፕ በዚያው ብር ግማሽ ጉልበት ነው። ይግላል፣ ይንቀራፈፋል። ባትሪ ካማረሽ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ዩፒኤስ ጨምሪበት።"

እውነቱን ነበር። ዙሀይራም ልቧ ወደ ዴስክቶፑ ካጋደለ ሰነባብቷል። የሠርጉ ወራት ገና መጀመሩ ነው፤ ወዲያ ደሎ መና፣ ወዲህ ጎባ፣ አምስት ሠርግ ይዛለች። ሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ደግሞ አንዱን እንጂ ሁለቱን አይገዛም። ባሏ ጀሊል ስንዴ ጭኖ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ የምትለውን ከዚያ ገዝቶላት ይመለሳል። ለሚ ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፎላታል። የቀራት አንዱን መሰረዝ ነው። እስክሪብቶዋን አንስታ ላፕቶፑን ልትሰርዝ ስትል በሩ ላይ ሰው ቆመ።

አዴ ሃጂራ ነበሩ፤ ባለፈው እሁድ ልጃቸውን የዳሩት የእህል ነጋዴ።

"አካም ጅርታ፣ ዙሀይራ?"

"ፈያ፣ አልሃምዱሊላህ። ይግቡ አዴ፣ ይቀመጡ። መብራት የለም እንጂ…"

አልተቀመጡም። መጀመሪያ ለሚን አዩ፤ ቀጥሎ ከበሩ ውጪ የሚተላለፈውን ሰው፤ ከዚያ ጥቁሩን ስክሪን። ለሚ ነገሩ ገባውና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

በዚህ አገር ሠርግ ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ሲበሉ ሴቶቹ በራቸውን ዘግተው፣ ፀጉራቸውን ገልጠው፣ አሮጊት ሳትቀር ይጨፍራሉ። እዚያ ካሜራ ይዛ የምትገባው ዙሀይራ ብቻ ናት፤ ሴቶቹም ያምኗታል። ችግሩ የሚመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። ቪዲዮው የሚቆረጠው እዚህ መንገድ ዳር ስለሆነ መጋረጃ ትጋርዳለች፣ በር ትዘጋለች፤ እንዲያም ሆኖ የእናቶች ልብ አያርፍም።

"ልጄ፣ ያ የሴቶቹ ጭፈራ ያለበት ሜሞሪ እዚሁ ነው የሚያድረው?" አሉ ሃጂራ።

"አዎ አዴ፣ የእናንተን ገና አልጀመርኩትም፤ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።"

"አንቺን አልጠረጥርም፣ ወላሂ። ግን ምራቶቼ እንቅልፍ አጡ። 'ማን ያየን ይሆን?' ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ወገቧ አላስነሳ ብሏት ሠርጉ አመለጣት። 'እኔም ቁጭ ብዬ ይሄን አስገቢ፣ ያንን አውጪ ልበል እንጂ' ትላለች። ቤት መጥተሽ ብትሠሪውስ? ክፍል እሰጥሻለሁ።"

ዙሀይራ ሳቋ አመለጣት። አምና አንዲት የጎባ እናት እንዲሁ ለምነዋት ሲፒዩውን በጋቢ ጠቅልላ፣ ሞኒተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ በባጃጅ ሄዳ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር "ቢስሚላህ" ስትል ደረሰች፤ ኮምፒዩተሩ ግን አልነሳም አለ። ለሚ ከሮቤ ተጠርቶ፣ ሴቶቹ ሁሉ ጓዳ ገብተው ተደብቀው፣ ከቦታዋ የተነቀለች ራም የምትባል አንዲት ቁራጭ መልሶ ሰካ። ከዚያ በኋላ ያሳለፈቻቸው ሦስት ቀናት! ሴቶቹ ከበዋት፣ "ኧረ እኔን አውጪኝ፣ ወፍሬያለሁ!" እያሉ፣ አንዷ በሌላዋ ጭፈራ እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች። በሥራዋ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

የለሚን ወረቀት እንደገና አየችው። ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ የስክሪኑ ስፋት፣ ሁሉም ተጽፏል። ኮምፒዩተሩ የት ሆኖ እንደሚሠራ ግን አልተጻፈም። እሷም እስከ ዛሬ አልጠየቀችም።

ውጪ የአይሱዙ ጥሩምባ ጮኸ።

"ዙሁ! ወረቀቱን!" አለ ጀሊል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ።

ዙሀይራ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ሰርዛ ወረቀቱን ለማቀበል ወጣች። ለሚ ከደጁ ሆኖ አንገቱን አስግጎ አነበበው።

"ዴስክቶፑን? ሬንደር ስትጠብቂ ልታረጂ ነው!"

"አረጃለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለም" አለችው።

መኪናው ሲሄድ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ሥራው ሳያልቅ ከእጇ ወጥቶ የማያውቀውን ሜሞሪ አንስታ አዴ ሃጂራ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"እርስዎ ጋ ይደር። ጀሊል ሐሙስ ይመለሳል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኮምፒዩተሬን በትከሻዬ አንግቼ እመጣለሁ። እናትዎ አጠገቤ ይቀመጡ።"

አዴ ሃጂራ ሜሞሪውን በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቋጠሮውን አጥብቀው፣ በጣታቸው ነካ አድርገው አረጋገጡና ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።