ስድስቱ ጦም ይደር

ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ስቀጠር ማዕረጌ «ረዳት መምህርት» ነበር። ልጆቹ ረዳት ሲባል የሚያውቁት የሚኒባሱን ነው፤ በሄድኩበት ሁሉ ከኋላዬ «ረዳት! ወራጅ አለ!» ይሉኛል። አልተቀየምኳቸውም። ዲግሪ ይዤ ሥራ ባጣ ጅዳ ሄጄ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ጠርጌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የቅጽል ስም አያስከፋኝም።

ሥራዬ ደብተር መሰብሰብና መምህር እሸቴ ያረሙትን ነጥብ መዝገብ ላይ መገልበጥ ነው። ማረም አይፈቀድልኝም። በክረምቱ ወደ መምህርነት ሥልጠና የምገባው እሳቸው የግምገማ ቅጼን ሞልተው ከደገፉኝ ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ሳያስታውሱኝ የዋሉበት ቀን የለም።

ግንቦት ላይ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ተሰጠ። አንዱ ጥያቄ ዐሥር ነጥብ ይዟል፦ ርዝመቱ ሦስት መቶ፣ ወርዱ ሁለት መቶ ሜትር ከሆነ ማሳ ሦስት አራተኛው ገብስ ቢዘራበት፣ የተዘራው ስንት ሄክታር ነው? ጥያቄው የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ከጉና ተራራ ሥር በእግሯ የምትመላለሰው ጥሩነሽ ግን በአማርኛ እንዲህ ብላ ሠርታዋለች፦ «ስድስት ሄክታር ሃያ አራት ጥማድ ነው። ስድስቱ ጦም ይደር። ዐሥራ ስምንቱ ይዘራ። ለአራት ሲካፈል 4.5 ሄክታር።»

መምህር እሸቴ ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ስድስቱ ጦም ይደር! ይኼ ሒሳብ ነው ወይስ የነፍስ አባት ቀኖና?»

ክፍሉ አውካካ። ጥሩነሽ ፊቷን በደብተሯ ከለለች። ወረቀቷ ላይ በቀይ ዜሮ ተጽፎበታል፤ በዚያ ዜሮ ደግሞ ክፍል ልትደግም ነው።

እኔ አልሳቅሁም። አባቴም መሬቱ እንዲያርፍ በየዓመቱ የማሳውን ጥግ ጦም ያሳድራል። በእኛ አገር አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው፤ ልጅቱ የአባቷን እርሻ በሐሳቧ ጠምዳ ደርሳበታለች፤ መልሱም ልክ ነው። እርር ድብን አልኩ። መምህራን ማረፊያ ድረስ ተከተልኳቸው።

«መምህር፣ መልሱ እኮ ትክክል ነው።»

«መጽሐፉ ላይ ጥማድ የሚባል ነገር አለ?»

«መጽሐፉ ላይ የለም። በመስኮት ወደ ውጭ ቢያዩ ግን አለ።»

«የሰጠሁሽን ገልብጪ! ቅጽሽ ገና አልተሞላም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ልጄ።»

«ጅዳ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ ይገባል። የሌላውን ሁሉ እገለብጣለሁ፤ ይችን ዜሮ ግን በእጄ አልጽፋትም።»

መዝገቡን የጥሩነሽን ቦታ ባዶ ትቼ መለስኩላቸው።

በማግስቱ ቅጹን ሞልተው ሰጡኝ። «የበላይ ትእዛዝ አትቀበልም። ለሥልጠና አትመከርም» ይላል። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ከግርጌው ተገምጋሚው «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ብሎ የሚፈርምበት ቦታ አለ። መምህር እሸቴ እስክለምናቸው ቆመው ይጠብቃሉ። «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩና ቅጹን ከጥሩነሽ ወረቀት ጋር ይዤ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ።

ርእሰ መምህሩ አቶ ጌጡ ሁለቱንም ደጋግመው አነበቡ።

«ትእዛዝ አትቀበልም በሚለው ተስማምተሻል?»

«አዎ ጋሼ። ስሕተት ከሆነ አልቀበልም።»

«ሥልጠናው ሊቀርብሽ ነው እኮ።»

«ይቅርብኝ፤ ለከርሞ አመለክታለሁ። የእሷን ዐሥር ነጥብ ግን ዛሬ ይስጧት።»

«እስቲ ሂጂ፤ አስብበታለሁ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀይ እስክሪብቶ አንስተው ዜሮዋን እስኪሰርዟት ድረስ ከቢሮው አልወጣሁም።