ስፒል በአፌ ይዤ

ምላሴ ከመቀሴ እንደሚፈጥን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሃያ ዓመት ልብስ ስሰፋ ደንበኛ ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ የምቆጣው እኔ ነኝ። «ሆድሽን አታስገቢ፣ ማንን ለማታለል ነው?» እያልኩ ነው የምለካው። የሰው ወገብ ስንት እንደሆነ ከበር ላይ አይቼ እናገራለሁ፤ ብስት በአንድ ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለችዋ ጉደኛ የገዛ ልጇን ሳታይ ቀረች።

ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከትንሽነቷ ጀምሮ «ሬዲዮ» ነው የምንላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከደጅ ትጀምራለች፤ ማን ማንን እንደገፈተረ፣ መምህሩ ምን ብሎ እንደተሳደበ፣ ሁሉንም ሳትተነፍስ ታወራለች። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ዱካ አላት፤ እዚያ ተቀምጣ እሷ ስታወራ እኔ ስሰፋ ይመሻል። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ወር ዝም አለች። ትመጣለች፣ ቦርሳዋን ትጥላለች፣ ክፍሏ ገብታ ትተኛለች። «ምነው ሬዲዮ፣ ባትሪሽ አለቀ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩባት። ደንበኞቼም አብረውኝ ሳቁ።

በዚያው ሰሞን «እማ፣ ጉርዴ ይወርድብኛል» አለችኝ። የደንብ ልብሷን የሰፋሁት እኔው ነኝ። አቆምኳትና ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ ተንበረከክሁ። ሁሌም እንደዚህ ነው የምሠራው፤ እጄ ጨርቅ፣ አፌ ስፒል ይይዛል። የልጄን ልክ በቃሌ ስለማውቅ ሜትር አልዘረጋሁም። ሦስት ሴንቲ ሜትር አጠበብኩና ቀኑን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ልጄ የከሳች አልመሰለኝም፤ ጨርቁ ላላ ብዬ ደመደምኩ። ልብስ ሰፊ ነኛ!

ከወር በኋላ እንደገና ሰፋት። አሁን አራት ሴንቲ ሜትር። ወገቧን እየሰበሰብኩ ስፒል ስሰካ፣ ከላይ ቀስ ብላ «እማ፣ ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

አፌ ሙሉ ስፒል ነበር። «እምም» አልኩ። ከዚያ በጥርሴ መሃል «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አልኳት። ቀጥ ብላ ቆመች።

በማግስቱ ጉርዱን ይዤ ጨርቁን የሸጠልኝ ነጋዴ ጋ ሄድኩ። ገበያው እስኪሰበሰብ ጮህኩበት። ሰውዬው ታገሰኝ። «ስሚ እስቲ፣ ከዚሁ ጣቃ ቆርጠሽ ለስድስት ልጅ ሰፍተሻል። የማናቸው ልብስ ላላ?» አለኝ። የማንም አልላላም። «አንተ ሌባ!» ብዬው ወጣሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ሳጠብበው ወገቡ ውስጥ የተጣጠፈው ጨርቅ አባጠ። ለልጅ ልብስ ስንሰፋ ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ እንተዋለን፤ ልጅ ያድጋል፣ ይወፍራል፣ ያኔ ተርትረን እናሰፋዋለን። እኔ ያንን ትርፍ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት። «ሸንቀጥ ብለሻል፣ እንዲያውም አምሮብሻል» አልኳት። በሞትኩት! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ሳምንት ሳይሞላ የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ሱቄ መጣች። የልጄ ዱካ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጅዎ መኖር እንደሰለቻት ለጓደኛዋ ነግራታለች» አለችኝ።

«ምን ጎደለባት!» ብዬ ጮህኩ። «ከማን አንሳ!»

«ቁጭ ብላ ስትበላ መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?»

ሱቄን ዘጋሁ። በዚያው ቀን ልጄን ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ልጄን ብቻዋን ረጅም ሰዓት አነጋግራ ሲያበቃ እኔን አስገባችኝ። ድብርት ሕመም እንጂ ስንፍና እንዳልሆነ፣ ልጆችንም እንደሚይዝ፣ እንደሚታከም ነገረችኝ። በየሳምንቱ እንድትመጣ፣ ብቻዋን እንዳልተዋት አዘዘች። ቀጥላ «መቼ እንደጀመራት ያስታውሳሉ?» ስትለኝ፣ እንደ ሌላው ወላጅ «አላውቅም» ልል ነበር። ግን አውቃለሁ። ደብተሬ ላይ አለ፤ ቀኑ ከነሴንቲ ሜትሩ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ነጋዴው ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። የሆነውን ስነግረው «ልጅቷ ትዳን እንጂ እኔስ ምን ሆንኩ» አለኝ። ከሱቁ ስወጣ ቀለል አለኝ። ያቺን ቅለት አሁን ሳስባት ታሳፍረኛለች።

አራት ወር ሄደ። ቀን አልፎ ቀን ሲተካ ልጄ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመረች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከአልጋዋ አትወርድም። ባለፈው ሳምንት ጠዋት «እማ፣ ጉርዱ ጠበበኝ» ብላ መጣች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ተርትሬ ላሰፋው ብገለብጠው ትርፍ የለም፤ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ከዚያው ጣቃ ቁራጭ አምጥቼ ጎንና ጎኑ ላይ ልቀጥል ተነሳሁ። ቀለሙ አልገጠመም፤ አሮጌው ነጣ ብሏል፣ አዲሱ ደማቅ ነው።

እሷ ቆመች፣ እኔ ስፒሌን በአፌ ይዤ ተንበረከክሁ።

«እማ።»

«እምም።»

«ጨርቅ ነጋዴውን ይቅርታ ጠየቅሽው አሉ።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

የመጀመሪያውን ስፒል ሰካሁ፣ ሁለተኛውንም።

«እኔንስ?»

የቀሩትን ስፒሎች ከአፌ ላወጣ ስል አንዱ ከንፈሬን ወጋኝ። ቀና ብዬ አየኋት። አልሰማሁሽም ነበር ልላት እችል ነበር፤ አራት ወር ሙሉ ለራሴ ስለው የኖርኩት እሱን ነው።

«ያን ቀን ያልሽኝን ሰምቼዋለሁ» አልኳት። «ሰምቼሽ ነው ቀጥ ብለሽ ቁሚ ያልኩሽ። ፈራሁ መሰለኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«እንደሰማሽኝ አውቃለሁ» አለች። «ለዚህ ነው ደግሜ ያልነገርኩሽ።»

እንባዬ መጣ። እሷ አላባበለችኝም፤ ደግሞስ የማባበሉ ተራ የማን ሆኖ! ጉርዱን በአንድ እጇ ይዛ ዱካዋን በእግሯ ወደኔ ሳበችና ተቀመጠች።

«አሁን ብነግርሽስ?» አለችኝ።

ስፒሎቹን በሙሉ ማስቀመጫ ቆርቆሯቸው ውስጥ ከተትኩና ክዳኑን ገጠምኩት።