ስም አይጠየቅም

ኢልቫ በሄልቪክ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ እንደዚያ ማክሰኞ ግን ግራ ተጋብታ አታውቅም። ጣጣው የመጣው በኢሜይል ነው። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። «በ1991 የሱንድቢውን የዓሣ ጢስ ቤት ያስዘጋው የአቤቱታ ደብዳቤ ቅጂ ይዘጋጅልኝ። ከሰዓት በኋላ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ» ይላል፤ አለቀ።

ጢስ ቤቱ የአባቷ የቶርኬል ነበር። ዓሣ እያጨሰ የሚሸጥበት፣ ቤተሰቡን ቀጥ አድርጎ የያዘበት። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሰው «ጢሱ ጎዳን» ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፈ፣ መርማሪዎች መጡ፣ በሩ ታሸገ። ደብዳቤው ስምም ፊርማም የለውም ተባለ። ቶርኬል ፊርማ ምን ያደርግለታል? ጎረቤቴ ሆልጌር ነው የጻፈው ብሎ በልቡ ፈርዶ ጨረሰ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥር ለአጥር እየኖሩ የእግዜር ሰላምታ እንኳን አልተለዋወጡም። በዚያች አገር እንዲህ ያለውን ወረቀት ማንም ሰው ገብቶ አሳዩኝ ማለት ይችላል። ሂድና እየው ሲሉት ግን «የማውቀውን ነገር ለማየት ምን ያስኬደኛል?» ይል ነበር። ደረቅ ሰው ነው፤ ምን ይደረጋል።

እና አሁን ማን ነው የጠየቀው? ኢልቫ መጠየቅ አትችልም። ወረቀት ፈልጎ የመጣን ሰው ማን ነህ፣ ምን ያደርግልሃል ማለት ክልክል ነው፤ ምስጢር ከሌለበት በዕለቱ ይሰጠዋል። ለአዲስ ሠራተኞች ይህን ስታስተምር ደስ ይላት ነበር። ዛሬ ሕጉ የገዛ አፏን የለጎመባት መሰላት። የሆልጌር ልጆች ይሆኑ? ሰውየው ክረምቱን ሙሉ አልጋ ላይ ነው፤ ባለፈው እሁድ ቶርኬልን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ በቄሱ ልኮ ነበር። ወይስ ጋዜጠኛ ይሆን? አሰበች አሰበችና ምድር ቤት ወርዳ ሣጥኑን ከፈተች።

ደብዳቤውን ገና ስታየው ጽሕፈቱን አወቀችው። ያ ወደ ግራ የሚያጋድል ጽሕፈት የእናቷ የማይኬን ነው፤ ከሞተች አራት ዓመቷ። «እዚህ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ አለች» ይላል። «ጢሱ በመጣ ቁጥር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሰውየውን ደጋግሜ ለምኜዋለሁ፣ አይሰማኝም። እባካችሁ ስሜን አትጠይቁኝ።»

በዚያ ዓመት የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው ኢልቫ ነች። አፏ ውስጥ የምትረጨውን የመተንፈሻ መድኃኒት ዛሬም ከቦርሳዋ አትለየውም።

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ኦክቶበር 14 ቀን 1991፣ እዚህ ለመጣ አንድ ሰው ቅጂ ተሰጠ። ስም አልተጠየቀም።» ይኼ ደግሞ ማነው? ጭራሽ ዞረባት።

ወደ አለቃዋ ወደ ጉንሂልድ ሮጠች። ነገሩ የኔው ቤት ጉዳይ ነው፣ ለጥቂት ቀን እንኳን ብናቆየውስ ብላ ለመነቻት። ጉንሂልድ ደብዳቤውን አንብባ፣ የልጅቷ ስም የለም፣ የማንም ስም የለም፣ ምስጢር የሚባል ነገር አላየሁበትም አለች። ከከበደሽ እኔ እሰጠዋለሁ፤ መሰጠቱ ግን አይቀርም። ኢልቫ እኔው እሰጣለሁ ብላ ወጣች። ለምን እንዳለች ለራሷም አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ የመጣው ቶርኬል ነው። አንድም ወረፋ ጠባቂ በሌለበት ቁጥር ቆርጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስኪጠራ ቁጭ አለ። ኢልቫ ቁጥሩን ጠራች፤ ምን ታድርግ።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«መጠየቅ አትችዪም» አላት። «ሕጉን አንብቤያለሁ። ስምም፣ ምክንያትም።»

ይህን ብሎ ሳይጠየቅ ምክንያቱን ዘረገፈው። ሆልጌር ሊሞት ነውና ጠርቶታል፤ ይሄዳል፣ ባዶ እጁን ግን አይሄድም። ደብዳቤውን በሽተኛው ደረት ላይ አስቀምጦ፣ በል አንብብልኝ ይለዋል።

«አልተገኘም» ልትለው አፏ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ነበረች። ብትለው ግን አባቷ ያን ወረቀት አጣሁ ብሎ ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ሄዶ በሞት አፋፍ ያለውን ሰው በባዶ አፍ ይሰድበዋል። ፊቱንም ጀርባውንም ያነሳችውን ቅጂ በመስኮቱ አሳለፈችለት።

መነጽሩን አደረገ። አነበበ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ያን ጽሕፈት አርባ ዓመት የማቀዝቀዣው በር ላይ ሲያየው ኖሯል። ቀና ብሎ የልጁን ፊት አየ፣ ከዚያ ደረቷን፤ ኢልቫ ሳታስበው እጇን ደረቷ ላይ ጭና ነበር። ጀርባውን ገልብጦ የእርሳሱን ጽሕፈት አየ።

«ማነው የወሰደው?»

«አልተጠየቀም አባዬ።»

ይህን ስትል ነው ትዝ ያላት። የዚያን ዓመት መኸር ሆልጌር የታጠፈ ወረቀት ይዞ የአጥራቸው በር ላይ ቆሞ ነበር። አባቷ እየተሳደበ ውሻውን ፈታበት። እናቷ ደረጃው ላይ ወጣች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ሆልጌር እሷን አየት አደረገና ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ጽሕፈቷን እንዴት አያውቀው? የመንደሩን መንገድ ማኅበር ቃለ ጉባኤ እሷ እየጻፈች እሱ ነበር የሚፈርመው። ኢልቫ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይህን ሁሉ ለአባቷ ነገረችው።

ቶርኬል ወረቀቱን አጣጥፎ ኮቱ ውስጥ ሊከት ሲል እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ» አላት፣ «ይቅርታ ሊጠይቀኝ የጠራኝ መስሎኝ ነበር።»