አዶማ ዞራ ትምጣ

ያን ቀን ጠዋት በመላው ኩማሲ እንደ ዱፊ የጨነቀው ሰው አልነበረም። ለሕፃናት የሠራችው የኮምፒውተር ጨዋታ ዛሬ ገዢ ካላገኘ፣ ሰኞ የአባቷ ሲሚንቶ መሸጫ ገብታ ልትቀመጥ ቃል ሰጥታለች። አባትየው ደግሞ የዋዛ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ወንበሩን ከወዲሁ አስወልውሎ እየጠበቃት ነው። ሲሚንቶ! ቀኑን ሙሉ ከጨዋታዋ ጦጣ ጋር ስትስቅ የምትውል ልጅ!

ገዢዋ ማዳም ኦፎሪዋ ናቸው። የከተማው ግማሽ መዋዕለ ሕፃናት የእሳቸው ነው፤ ሲስቁ ያያቸው ግን የለም ይባላል።

ጨዋታው ቀላል ነው። አዶማ የምትባል ጦጣ ለሰፈሩ ሰው ብርቱካን ታድልና በመጨረሻ ለሽማግሌው ለናና ትሰጣለች። የሣላት የዱፊ ባልደረባ ኦፖኩ ነው። ኦፖኩ ጎበዝ ነው፣ ድካም ግን አይወድም። ወደ ቀኝ ስትሄድ ብቻ ሣላት፤ ወደ ግራ ስትዞር ኮምፒውተሩ ያንኑ ሥዕል እንደ መስታወት ይገለብጠዋል። በዚህ ሙያ ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ እሱን ብቻ አንማው።

ከማዳም መዋዕለ ሕፃናት በአንዱ፣ እሳቸው ባሉበት፣ ታብሌቱን ከክፍሉ ቴሌቪዥን ጋር አገናኙና የፊት ጥርሶቿ የወለቁት ተማሪ ንሂራ መጫወት ጀመረች። ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ናና በስተግራ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። አዶማ ዞር አለችና ብርቱካኑን ዘረጋችላቸው።

"ግራ እጅ!" ብላ ንሂራ ጮኸች።

ክፍሉ ተደበላለቀ። "ለናና! በግራ!" "ኧረ ጉድ!" "ባለጌ ጦጣ!"

ዱፊ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረብ ብላ አየች። ስንት ወር ሙሉ አይታው እንዴት አላስተዋለችም? እዚህ አገር የታክሲ ሒሳብ እንኳ በግራ ሰጥተህ ረዳቱ ዝም አይልህም፤ አዶማ ደግሞ ለሽማግሌ!

"ልጄ፣" አሉ ማዳም፣ "እኔ እዚህ ሥርዓት ላስተምር ስለፋ፣ አንቺ ጦጣ አምጥተሽ ታፈርሽብኛለሽ?"

"ማዳም፣ ሥዕሉ ሲገለበጥ እኮ ቀኟ ግራ…" አለ ኦፖኩ።

"አንተን ራስህን ሳልገለብጥህ ዝም በል!"

ዱፊ አንገቷን ደፍታ ጨዋታውን ልታጠፋ እጇን ሰደደች። በቃ፣ ሲሚንቶው መጣ። ንሂራ ግን ታብሌቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቅም አለች።

"ቆይ አክስቴ! ገና ናና አልበሉም!"

"በዚያ በኩል ትዙር!" አለ ፊፊ የሚባል ወፍራም ልጅ። "አዶማ ዞራ ትምጣ!"

ንሂራ ጦጣዋን በናና ጀርባ አሳልፋ ወዲያ ማዶ አደረሰቻትና ወደ ናና መለሰቻት። አሁን ፊቷ ወደ ቀኝ ነው፤ የዘረጋችውም ቀኝ እጇ። ናና ብርቱካኑን ተቀብለው መረቁ። ልጆቹ ጣራውን ሊያነሱት ደረሱ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! ተራ በተራ ሁሉም አዶማን በናና ጀርባ አዞሯት። አንዱ ቸኩሎ በአቋራጭ ሊሰጥ ሲል፣ "አንተ ስድ!" ብለው ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ማንም ትልቅ ሰው እንዲህ አድርጉ አላላቸውም።

ማዳም ኦፎሪዋ አፋቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቁ ነው! ዱፊ ዓይኗን ማመን አቃታት።

"ዛሬውኑ ሌላ እጅ እሥላለሁ፣" አለ ኦፖኩ፣ ምንም ያልገባው።

"ከነካሃት አልገዛም!" አሉ ማዳም። "በግራ ስትሰጥ ናና ይቆጧት እንጂ ሌላ ነገር እንዳትጨምር። ሰኞ ለሁሉም ትምህርት ቤቶቼ አምጡልኝ።"

ዱፊ ደስታዋን መያዝ አቅቷት እዚያው ቆማ ደወለች። "አባዬ፣ ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው!"

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ?"

ሳትመልስለት ማዳም ሊጨብጧት እጃቸውን ዘረጉ። ቀኝ እጇ ስልኩን ይዟል፤ በድንጋጤ ያኛውን ሰደደች።

"ግራ እጅ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ዱፊ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ስልኩን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና፣ በማዳም ጀርባ ዞራ፣ በወዲያኛው በኩል መጥታ ቀኟን ዘረጋች።

"እንደሱ ነው እንጂ!" አለች ንሂራ።

"ማነው የሚጮኸው?" አለ አባቷ በስልኩ ውስጥ።

"የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፣ አባዬ።"