የሚጡ ሳልሳ

ልብስ ሰፊዋን «መርፌ» ብላ ስም ያወጣችላት ታናሽ እህቷ ናት። ስሙ ከሥራዋ የመጣ ቢመስልም ነገሩ ከምላሷ ነው። ደንበኛ መስታወት ፊት ቆማ «ያምርብኛል?» ብላ ስትጠይቃት፣ «ጨርቁስ ያምራል፤ አንቺ ላይ ግን መጋረጃ መስሏል» የምትል ሴት ናት። ደንበኛዋ ፊቷን አጨፍግጋ ትወጣለች፤ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ጨርቅ ይዛ ትመለሳለች። መርፌ «አምሮብሻል» ካለች በእርግጥም እንዳማረ ሰው ሁሉ ያውቃላ።

ታናሽየዋን ሁሉም ሚጡ ይላታል። ትዳር ይዛ፣ ልጅ ወልዳ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሙዚቃ አስተማሪ ሆናም ሚጡ እንደተባለች ቀረች። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞተች ያሳደገቻት መርፌ ናት ማለት ይቻላል። ፀጉሯን የሠራችላት፣ ስታጠፋ የቆነጠጠቻት፣ የመጀመሪያ ዘፈኗን ሰምታ «ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ግን ትንፋሽ ያጥርሻል» ያለቻት እሷ ናት። «ሌላው ሰው ያሞግሰኛል» ትል ነበር ሚጡ፣ «እትዬ ግን ትነግረኛለች።»

አናጢው አባታቸው በሐይቁ ዳር በገዛ እጁ የሠራት ቤት አለች። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት፣ ወደ ውሃው የምታይ በረንዳ። በየዓመቱ ሙቀቱ መለስ ማለት ሲጀምር፣ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ትምህርት ቤት ለአጭር ዕረፍት ሲዘጋ፣ ሁሉም እዚያ ይሰበሰባል። ይዋኛሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ሳልሳ ይሠራሉ። ሳልሳው የሚጡ ነው፤ ማንም አይነካባትም። ቲማቲሙንና ቃሪያውን ፍም ላይ ታገላብጣለች፣ ቆዳው ጠቁሮ ሲሰነጠቅ ትልጠዋለች፣ ከዚያ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከድንብላል ቅጠል ጋር በቢላ ትከትፈዋለች። ሎሚ ትጨምቅበታለች። ጨው መጨረሻ ላይ። የመፍጫ ማሽን ያመጣላትን ባሏን አንድ ዓመት ሙሉ ስቃበታለች።

በዚያ ዓመት ግን ሚጡ ከመኪናው የወረደችው ባሏን ተደግፋ ነው። ፀጉሯ በመድኃኒቱ ረግፎ ቢጫ ሻሽ አስራለች፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። ያም ሆኖ በሩን እኔ ካልከፈትኩ አለች። የአባታቸው በር እንደሆነ ወደ ላይ ከፍ አድርገው በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም።

«አባዬ ሌባ እንዳይገባ ብሎ ነው እንዲህ የሠራው» አለች እያለከለከች።

«ባለቤትም እንዳይገባ» አለ ባሏ። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ በየሰዉ ቤት ገመድ ሲዘረጋ የሚውል፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ኩኩ ሳቀች። መርፌም ለመሳቅ ሞከረች።

ከመምጣታቸው በፊት ሐኪሙ ባልየውንና መርፌን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነግሯቸዋል። መድኃኒቱ አልያዘም፤ በሽታው ተሰራጭቷል፤ ከእንግዲህ ሕመሙን ከማስታገስ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ክረምቱን ላትሻገር ትችላለች። ባልየው ግድግዳውን ተደግፎ ሲያበቃ የመርፌን እጅ ለቀም አድርጎ ያዘ።

«እትዬ፣ በናትሽ፣ ዕረፍቱ ይለፍላት። ከሐይቁ እንደተመለስን እኔው ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ። አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም፤ ቃል ግቢልኝ።»

መርፌ ቃል ገባች። በዕድሜዋ ሙሉ ከዚያ የከበደ ነገር ተሸክማ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባልየው ከገበያ አንድ ሳጥን ቲማቲም ተሸክሞ ገባ። ሚጡ ፍሙ አጠገብ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቃሪያውን እያገላበጠች ታወራለች።

«ለከርሞ ይሄን ወጥ ቤት አረንጓዴ እናስቀባዋለን። ጭስ በልቶት እስር ቤት መስሏል እኮ። መጋረጃውን ደግሞ አንቺ ትሰፊዋለሽ እትዬ። መስኮቱን ለኪልኝ እስቲ።»

መርፌ ምን ታድርግ? ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ መስኮቱን ለካች። ወርዱን፣ ቁመቱን። ጀርባዋን ለእህቷ ሰጥታ ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች፤ ከዚያም ሜትሩን ጠቅልላ እስክትጨርስ ብዙ ቆየች።

መከተፉ አልቆ ሎሚው ሲገባ ሚጡ በማንኪያ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ አሰበችና ጨው ቆንጥራ ጨመረች። ቀመሰች፤ ጨመረች። ደግማ እጇን ወደ ጨው ዕቃው ስትሰድ መርፌ አፏን ከፈተች። «በቃ!» የሚለው ቃል ጥርሷ ጋ ደርሶ ነበር። ግን ያ ቆዳና አጥንት የሆነ ክንድ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አንጀቷን በላው። ይሁንላት አለች በሆዷ። ይሄን ታህል እንኳ ደስ ይበላት። ቃሉን ከምራቋ ጋር ዋጠችው።

ምሳ በረንዳው ላይ ቀረበ። ዓሣው ገና ይንጣጣል፣ ዳቦው ትኩስ ነው። መርፌ በዳቦ ጠቅሳ ጎረሰች። የሐይቁ ውሃ እንዲህ ጨዋማ ቢሆን ኖሮ ዓሣ አይኖርበትም ነበር፤ አፏ ነደደ።

«እህስ?» አለች ሚጡ፣ ዓይኗ እህቷ ላይ።

«ግሩም ነው።»

«ጨውስ?»

«ልክ ነው። እንደ ወትሮው።»

«እጅሽ ይባረክ» አለ ባልየው፤ ደግሞ ጎረሰና ወደ ውሃው ብርጭቆ ተጣደፈ።

ያን ጊዜ ኩኩ ቀመሰች። «ውይ ምላሴ! እማዬ፣ ጨው በዝቷል!»

«ኩኩ!» አለ አባቷ።

«እውነቴን ነው! አባዬ፣ አንተ ራስህ ውሃውን ጨረስከው እኮ። አክስቴ፣ አልበዛም?»

ልጅቷ እንደ ዳኛ ነው ያየቻት። በዚያ ቤት ክርክር ሲነሳ የመጨረሻውን ቃል የምትሰጠው አክስቷ መሆኗን ታውቃለች። መርፌ ዳቦዋን ቆረሰች፣ እንደገና ቆረሰች።

«ለእኔስ… ደህና ነው» አለች።

ሚጡ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እህቷን ብቻ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ «እውነትሽን ነው ኩኩዬ። እናትሽ ዛሬ ባሕር ነው የሠራችው» አለችና ደክሞኛል ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ፀሐይ በረድ ስትል መርፌን «ውሃው ጋ ውሰጂኝ» አለቻት። ውሃው ላይ በተዘረጋው የጣውላ ድልድይ ጫፍ ተያይዘው ተቀመጡ። ሚጡ ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯ ውሃውን አልደረሰበትም።

«ምላሴ ጣዕም መለየት ካቆመ ቆይቷል» አለች። «ስኳር ይሁን ጨው አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ቀመስኩ የምላችሁ ሁሉ ግምት ነው።»

«ታዲያ ምናለ ብትነግሪኝ?»

«አንቺ አለሽ ብዬ ነዋ! በሁለተኛው ቁንጥር ላይ ‹አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል፣ ልትፈጂን ነው?› ብለሽ እጄን ትመቺኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ቆመሽ እያየሽኝ ዝም አልሽ። ማዕድ ላይም ጠየቅኩሽ፤ ልክ ነው አልሽኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው ለእኔ የምትዋሺው እትዬ?»

መርፌ የድልድዩን ጣውላ በጥፍሯ ፋቀች።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ሚጡዬ…»

«ሚጡዬ አትበይኝ። ምን አለ?»

መርፌ ነገረቻት። ቃል በቃል፣ ኮሪደሩ ላይ እንደሰማችው። መድኃኒቱ አለመያዙን፣ መሰራጨቱን፣ ክረምቱን። ስትናገር ዓይኗን ከውሃው አልነቀለችም፤ የራሷ ድምፅ የሌላ ሰው ሆነባት። ስትጨርስ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ጀልባ ላይ ሆኖ ውሃ ሲያፈስ ይሰማ ነበር።

«እሱም ያውቃል?»

«ያውቃል። ዕረፍቱ ይለፍላት ብሎ ነው።»

«ኩኩስ?»

«አታውቅም።»

ሚጡ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። «ይህን እያወቃችሁ ታዲያ መስኮት ትለኩልኛላችሁ? እኔ እዚያ ተቀምጬ ስለ አረንጓዴ ቀለም ስቀባጥር ሁለታችሁ በሆዳችሁ ታለቅሱልኛላችሁ? በቁሜ ቀበራችሁኝ እኮ!» የእህቷን ክንድ መታች፤ ምት እንኳ አልነበረውም። ከዚያ እዚያው ክንድ ላይ ግንባሯን ደፋች።

«እፈራለሁ እትዬ።»

«እኔም እፈራለሁ።»

 መርፌ፣ ሚጡ ልጅ ሳለች ታደርገው እንደነበረው፣ ጀርባዋን ዳበሰችላት፤ የአከርካሪዋ አጥንት እንደ ቁልፍ ረድፍ ከጣቷ ሥር ይቆጠራል።

ባልየው ዓሣ የጠበሰበትን ሽርጥ ሳያወልቅ ከበረንዳው ወረደ። ከሩቅ አይቷቸው ነገሩ ገብቶታል። ሚጡ ቀና ብላ አየችውና ፊቷን አዞረች። የዚያን ቀን ዳግመኛ አላናገረችውም። እሱም ሲሠራ አመሸ፤ ያልተበላሸ አምፖል ፈትቶ ገጠመ፣ ደህናውን መሰኪያ ከግድግዳ ነቅሎ መለሰው። መርፌን አንድ ጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ አግኝቷት «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አላት።

«ገብቼ ነበር» አለች መርፌ። «አልቻልኩም። ብትረግመኝ አይከፋኝም።»

«ማን ይረግምሻል» አለና ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ።

በማግስቱ ጠዋት ሚጡ ከአልጋዋ ሳትነሳ «አንተ» ብላ ጠራችው። «ቲማቲም ግዛ። የትናንቱ ለዓሣዎቹ ይደፋ።» ሰውዬው የምሕረት ቃል የተነበበለት ይመስል ጫማውን በግራና ቀኝ አዟዙሮ አጥልቆ ሮጠ። ሲመለስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና በሩን ዘጉ። ምን እንደተባባሉ መርፌ አልጠየቀችም። ሲወጡ የሁለቱም ዓይን አብጧል፤ እጅ ለእጅ ግን ተያይዘዋል።

ሁለተኛውን ሳልሳ ሦስቱ ሴቶች ሠሩት። ሚጡ ተቀምጣ ታዛለች፣ መርፌ ትከትፋለች፣ ኩኩ ትቀምሳለች። ልጅቷ ሹመቱን ስታገኝ አላረፈችም፤ ወገቧን ይዛ «ሎሚ!» «ሽንኩርት በቃ!» «አክስቴ፣ ይሄ መክተፍ ይባላል? ድንጋይ ነው እኮ!» ትላለች። ሚጡ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በአንቺ ወጣች፤ ጉድሽ ፈላ» አለቻት እህቷን። ቃሪያው በዝቶ ምሳ ላይ ሁሉም አለቀሱ፤ ማን በቃሪያ፣ ማን በሌላ እንዳለቀሰ አልለየም።

ሊመለሱ ሲሉ፣ ሻንጣው ተሰናድቶ፣ ሚጡ ልጇን ይዛ ወደ ውሃው ገባች። «እኔ ነኝ የምነግራት» ብላለች፤ «ካንቺም፣ ከአባቷም፣ ከማንም እንድትሰማው አልፈልግም።» ውሃው ደረቷ ጋ ሲደርስ ቆመች። መርፌ ፎጣ ይዛ ዳር ላይ ቀረች። ቃሉ አይሰማትም። የሚታያት ቢጫው ሻሽና የልጅቷ እርጥብ ራስ ብቻ ነው። ኩኩ ስትንቦጫረቅ ቆይታ ድንገት ቀጥ አለች። ከዚያ በሁለት መዳፏ ውሃውን ትመታው ጀመር። መታችው፣ መታችው፣ ውሃው ከራሷ በላይ እየተረጨ መታችው። እናትየው አላስቆመቻትም። ልጅቷ እስኪደክማት ጠብቃ አቀፈቻት። ባልየው መኪናው ውስጥ ነበር፤ መሪው ላይ ተደፍቶ።

ሚጡ ክረምቱ ሲጋመስ ሞተች። ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ፣ እህቷና ባሏ ግራና ቀኝ ተቀምጠው። የመጨረሻዎቹን ቀናት ብዙም አትናገርም ነበር፤ የመርፌን ጣት ይዛ ትተኛለች፣ ስትነቃ እህቷ አጠገቧ መኖሯን ታያለች፣ መልሳ ትተኛለች። ከቀብሩ በኋላ መርፌ ሱቋን ስትከፍት ደንበኞቿ አላወቋት። ሁሉንም «ጥሩ ነው፣ ይሁን» ትላለች፤ ሥራ ያጠፋች ይመስል አንገቷን ትደፋለች። ኩኩ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚያ ትመጣለች፤ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተኝታ አባቷ እስኪወስዳት ድረስ ጣሪያ ታያለች። 

በቀጣዩ ዓመት ሙቀቱ መለስ ሲል ወደ ሐይቁ የሄዱት ኩኩ መዋኘት እፈልጋለሁ ስላለች ነው። ሳልሳ እንሥራ ያለ የለም። በደረሱ ማግስት ጠዋት፣ በወዲያ በኩል ካለው ቤት አሮጊቷ ጎረቤት አንድ ቅርጫት ቲማቲም ይዘው ደረጃውን ወጡ። ጓሯቸውን ለሠራተኛ ትተው ዓመቱን ሙሉ ልጃቸው ጋ ስለከረሙ ምንም አልሰሙም።

«ከጓሮዬ ነው፤ ደህና አፈራልኝ» አሉ። «ሚጡ ጠብሳ ታሳምረዋለች ብዬ ነው። የት አለች? ተኝታለች?»

መርፌ ቅርጫቱን ተቀበለቻቸው። «አርፋለች እማማ» አለች። «ክረምት ላይ አረፈች።»

አሮጊቷ «ምን አልሽ?» ብለው እዚያው ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «እኔ አሮጊቷ ቁጭ ብዬ!» እያሉ ተንሰቀሰቁ። መርፌ አጠገባቸው ተቀመጠችና ትከሻቸውን አቀፈች። ስታጽናናቸው፣ ስታባብላቸው ቆይታ፣ አቅፋ እንደያዘቻቸው እሷም ታለቅስ ጀመር። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም።

ባልየው ውሃ በብርጭቆ ይዞ ወጥቶ ሁለቱን ሴቶች አየ። ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አኑሮ እሱም ከታች ተቀመጠ። ከሐይቁ ኩኩ ተጣራች። ከዚያ አባቷ ተነሥቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ወደ ልጁ ወረደ።